ግራሩና የጎረቤቴ ማሽላ

መስከረም 9

ዝናቡ አባርቷል። ጠዋት ሁለተኛውን ስፒከር ወደ ጓሮ አወጣሁት። ሆዱን ባዶ አድርጌ፣ ታቹን በምስማር በሳስቼ፣ አፈር ሞላሁና ዳልያ ተከልኩበት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙዚቃ ቤቴ በር ላይ ሲጮህ የኖረ ስፒከር… አሁን ዝም ብሎ አበባ ያብቅል። ጡረታ ለሱም ይገባዋል።

የሱቁ ባንኮኒ ወጥ ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ሆኗል። ታፔላው የአትክልቱ በር ነው፣ ጽሑፉ ተዘቅዝቋል። ማን ሊያነበው? የአበባ ዘሬን በባዶ የካሴት ሳጥኖች ከትቼ ስሙን ጀርባው ላይ እጽፋለሁ። ያልተሸጡት ካሴቶች ስድስት ካርቶን ሙሉ አልጋዬ ሥር አሉ።

ታናሽ እህቴ ከከተማ ደወለች።

"እታለም፣ እስከ መቼ ነው እዚያ ውራጅ መሀል የምትኖሪው? ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ እኮ። የአክስታችን ቤት ጣሪያው ያፈስ የለ?"

"ጠግኜዋለሁ።"

"በምን?"

ወሬ ቀየርኩ። ከአሮጌ አውቶቡስ ጎን በተቆረጠ ቆርቆሮ ነው ብላት ሳምንቱን ሙሉ ትስቅብኛለች።

ግራሩ ላይ ቢጫዎቹ ወፎች ሥራ ይዘዋል። ወንዱ ሣር እየሰነጠቀ ይሸምናል፣ ኳስ የመሰለ ጎጆ ከቅርንጫፉ ጫፍ ያንጠለጥላል። ዛሬ አንዷ ሴት መጣች። ገባች፣ ወጣች፣ በመንቁሯ ጎተት አደረገችው… አልጣማትም። ትታው በረረች። ወንዱ መልሶ ያፈርሰው ጀመር። አበጀሽ አልኳት! እኔም በሃያ ስምንት ዓመቴ ላግባሽ ያለኝን አንዱን እንዲሁ መልሻለሁ። እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

መስከረም 14

የአጥር ጎረቤቴ መጣ። ገበሬ ነው፣ የማሽላው ማሳ ከአጥሬ ሥር ይጀምራል። ስሙን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን ኮስታራው ነው። እዚህ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፣ ጥርሱን አይቼ አላውቅም።

በሩን ሳያልፍ ቆመ።

"እመቤቴ፣ ያንን ግራር ይቁረጡልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"ወፉ እርስዎ ጋ ያድራል፣ እኔ ጋ ይበላል።"

"ዛፉ የኔ ነው።"

"ማሽላው ደግሞ የኔ ነው።"

መልስ ሳጣ ድምፄ ይጨምራል፣ የድሮ አመሌ ነው። አክስቴ የተከለችው ነው አልኩ። ጎጆው ሁሉ እንቁላል አለበት አልኩ። አልቆርጥም ብዬ ጮህኩ።

"እሸት ከመያዙ በፊት ያስቡበት" ብሎኝ ሄደ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 15

አሰብኩበት። አልቆርጥም።

መስከረም 21

የኮስታራው ሚስት አጥር ጥሳ የሄደችውን ዶሮዬን ታቅፋ መጣች። ባሏ ከብት ሊያጠጣ ወርዷል። ዶሮዋን ከሰጠችኝ በኋላም ቆመች… የምትለው ነገር እንዳላት ገባኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

"እትዬ፣ እሱ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ" አለችኝ።

አምና ወፍ የማሳውን እኩሌታ ጨርሶባቸዋል። ያኔ ትልቋን ልጃቸውን ከከተማው ትምህርት ቤት አስወጥተው አመጧት። ቀለቧን ከየት አምጥተው ይላኩ? ዘንድሮም ቤት ናት። አውቃታለሁ፣ በየቀኑ ውሃ ቀድታ በበሬ ታልፋለች። ሰላም እላታለሁ። ለምን ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ! አፈርኩ።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ግራሩ ሥር ቆምኩ። ወደ አርባ ጎጆ አለ። ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል፣ ጩኸታቸው ጆሮ ይበሳል። አሁን ቢቆረጥ ሁሉም መሬት ላይ ነው የሚፈሰው… ልጅቷስ? እውነቱ የማን ነው? የሁለቱም ከሆነ እኔ ምን ልሁን?

መስከረም 27

በማለዳ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ትልቅ መጋዝ ይዘዋል።

"የመንደሩን ሊቀመንበር አናግሬያለሁ" አለ። "ለእህሉ ሲባል ይቆረጥ ብሏል።"

ቤት ገባሁ፣ ሱቅ ውስጥ እቀመጥበት የነበረውን የሚሽከረከር ወንበር ጎትቼ አወጣሁ፣ ግንዱ ሥር አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩበት። ጀርባዬን ለግንዱ ሰጠሁ።

"ይነሱ እመቤቴ።"

"አልነሳም።"

"እስከ መቼ?"

"መጋዙ እስኪዝግ።"

አንደኛው ሰውዬ ሳቀ። ኮስታራው አልሳቀም። ፊቱን ሳየው ግን ቁጣ አልነበረም… ድካም ነው። የአንድ ዓመት ድካም። ያኔ ነው ያልታሰበ ነገር ከአፌ ያመለጠኝ።

"ስማኝ። ዘንድሮ ማሽላህን የምጠብቅልህ እኔ ነኝ። ከእሸት እስከ አጨዳ። ወፍ ከበላው መጋዙን ስጠኝ፣ በገዛ እጄ እቆርጠዋለሁ።"

"እሳቸው?" አለ ሳቂታው። "በዚህ ዕድሜ ወንጭፍ ሊወረውሩ?"

ኮስታራው ማሽላውን አየ፣ ጎጆዎቹን አየ።

"ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

መጋዛቸውን ተሸክመው ሄዱ። እኔ ረፋዱን ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳሁም። በአጥር ያዩኝ ሰዎች እልኸኛ ሴት ሳይሉኝ አይቀሩም። እኔ ግን ከእሸት እስከ አጨዳ ስንት ቀን እንደሆነ እየቆጠርኩ ነበር።

መስከረም 28

ምን ነካኝ? ስለ ማሽላ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ካሴት ነው።

ጥቅምት 4

እሸቱ መያዝ ጀምሯል። ፍሬው ሲጨመቅ ወተት ይወጣዋል፣ ወፍ የሚወደው ይህንኑ ነው።

የድስት ክዳኖች ማሳው ዳር በሽቦ አንጠለጠልኩ፣ ነፋስ ያጋጫቸዋል ብዬ። ነፋስ አልነበረም። የክረምት ካፖርቴን ለእንጨት አልብሼ መሀል ማሳ አቆምኩ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ አንዱ ወፍ ትከሻው ላይ ቆሞ ላባውን ያበጥራል።

ኮስታራው ሲያልፍ አየው።

"ጓደኛ አመጡላቸው?" አለኝ።

እንዲህ ቀልድ ያውቃል ለካ! በኔ ላይ ሆነ እንጂ።

ጥቅምት 9

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ። አሮጌው ቴፔ አንድ ካሴት በላብኝ። ክሩን ስጎትት ስጎትት ሦስት ክንድ ወጣ። ተናድጄ በመስኮት ወረወርኩት፣ አንደኛው ጫፍ ጽጌረዳው ላይ፣ ሌላው አጥሩ ላይ ተያዘ። ነፋስ መጣ። ክሩ ተወጠረና ጮኸ… ዝዝዝ… እንደ ንብ መንጋ። በፀሐይ ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ባንዴ ብድግ አሉ።

ክሩን አላነሳሁትም። እስኪመሽ ከመስኮቱ አልራቅኩም። አንድም ወፍ እዚያ ጋ አላረፈም።

አልጋዬ ሥር ስድስት ካርቶን አለ።

ጥቅምት 11

ቀላል አልነበረም። ሱቁን ስዘጋ ካርቶኖቹን ውሰድ ብዬው ቢሆን ቁራሌው በአንድ ቀን በወሰደልኝ ነበር። አልሰጠሁም። አንድ ቀን ይፈለጋሉ እያልኩ ከቤት ቤት አዞርኳቸው። ስንቱን ዘፋኝ መጀመሪያ ያሰማሁት እኔ ነኝ! ፍቅረኛ የተጣላ እኔ ጋ ይመጣ ነበር፣ ምን እንደሚሰማ ልመርጥለት።

መጀመሪያ ያነሳሁት የአንድ ሠርግ ቅጂ ሆነ። አስቀድተው ሳይወስዱት ቀሩ። ሙሽሮቹ ካሴቱ ሳይደርስ ተፋተዋል መሰለኝ። ከሱ ጀመርኩ። ከዚያ እጄ ለመደ። ብሎኑን መፍታት፣ ክሩን ማውጣት፣ እንጨት ላይ መጠቅለል። አለቀስኩ? ትንሽ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ… ንዴት ይሁን ኩራት እንጃ። ሁሉም ሰው አልቆላቸዋል ያላቸው ካሴቶች ገና ሥራ አላቸው!

ጥቅምት 14

ከኮስታራው ሚስትና ከልጅቷ ጋር ሦስት ቀን ክር ስንዘረጋ ከረምን። ካስማ መትከል፣ ማሰር፣ መወጠር። ልጅቷ ክሩን አንድ ሁለቴ ጠምዘዝ አድርጋ ስታስር ድምፁ እጥፍ እንደሚሆን ደረሰችበት። ለምን ብላት በጣቷ መሬት ላይ እየሳለች የነፋሱን ነገር አስረዳችኝ። ይቺን ልጅ ነው ውሃ የሚያስቀዷት!

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማሳው በሙሉ አንጎራጎረ። ኮስታራው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያውን ዞረ።

"ማሽላዬን ሊድሩት ነው እንዴ?" አለ።

ወፉ ግን አላረፈም። እሱም አይቶታል።

ጥቅምት 29

ወፍ ሞኝ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ክሩ እንደማይናከስ ገብቶታል። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት እኔ ነኝ ነፋሱ። ክዳን እያጋጨሁ፣ እየጮህኩ ማሳውን እዞራለሁ። ድምፄ ተዘግቷል። ጉልበቴ አብጧል። በስድሳ አንድ ዓመቴ ከወፍ ጋር አባሮሽ!

አልተውም።

ኅዳር 6

እህቴ ሳትነግረኝ መጣች። ልትወስደኝ ነው፣ መኪና ሁሉ ተከራይታለች። ቤት ብታጣኝ ማሳ ወረደች። ፀሐይ ያጠቆረኝ፣ ድምፅ የሌለኝ፣ በሁለት እጄ የድስት ክዳን የያዝኩ እኔን አገኘች።

"አበድሽ?" አለችኝ።

መልስ ልሰጣት አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። በዚያው ቅጽበት መንጋው ወረደ። በምልክት አሳየኋት፣ ጩሂ! ጩሂልኝ!

ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበረች። ቦርሳዋን ጣለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ "እናንተ!" አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ወፉ ተነሣ። የኮስታራው በሬም ቀጥ አለ።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። እሷ አምስት ቀን እቆያለሁ ብላለች። የአውቶቡስ ጎን ጣሪያውን አይታ ስቃለች፣ እንደጠበቅኩት።

ኅዳር 25

አጨዳ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ምክንያቱን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው… በወንዙ በኩል ያለችው ጥግ ተበልታለች። እህቴን መኪና መንገድ ድረስ የሸኘሁ ቀን ነው። አንድ ጠዋት ብቻ ቀረሁ፣ በዚያች ጠዋት ጨረሷት። አንድ አልጋ የምታህል ቦታ። ግን ቃል ቃል ነው። ትንሽ ከበላ ብዬ አልነበረም የማልኩት፣ ከበላ ነው ያልኩት።

አጫጆቹ ሳይደርሱ ወደ ኮስታራው ሄድኩ። ይዤው ወደ ጥግዋ ወረድኩ። ራስ የሌለው አገዳ ተገትሯል።

"በልተውታል" አልኩት። "መጋዙን አምጣ።"

ቁልቁል አየው። ከዚያ ዞር ብሎ የቀረውን ማሳ አየ… እስከ አጥሬ ድረስ፣ ሙሉ፣ ራሱን የደፋ ማሽላ።

"ጃርት ነው" አለ።

"ምን?"

"የበላው ጃርት ነው።"

"ጃርት አገዳ ላይ ወጥቶ ፍሬ ይለቅማል?"

"የዘንድሮው ይወጣል" አለና ፊቱን አዞረ። "አሁን ከመንገዱ ዞር በይልኝ፣ ሥራ አለብኝ።"

በይልኝ አለኝ! ከመስከረም ጀምሮ እመቤቴ፣ እርስዎ ሲለኝ የነበረ ሰው። ዞር አልኩለት። እዚያው አጥር ሥር ተቀምጬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። አላየኝም። ወይም እንዳላየ ሆነልኝ።

ኅዳር 30

ክሩን ለቅመን ጨረስን፣ ከብት እንዳይበላው። ልጅቷ ዛሬ በጠዋቱ መኪና ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ከአጋማሹም ቢሆን ይቀበሏታል ተብሏል። ከመሄዷ በፊት ግራሩን ቀና ብላ አይታ፣ ጎጆዎቹን ቆጥራ፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ታኅሣሥ 8

በእህል መጋዘኑ ስብሰባ ተጠራ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ናቸው ያስጠሩት። በመጪው ዓመት ወፍ የሚያድርበት ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ባዮች ናቸው። መጀመሪያ የተጠራው የኔው ግራር ነው።

ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ድምፄም ተመልሷል። የምለውን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ሊቀመንበሩ "አስተያየት ያለው?" ከማለቱ ብድግ ልል ስል ከኋላዬ አንድ ሰው ተነሣ።

ኮስታራው።

"ያንን ዛፍ ማንም አይነካውም" አለ። "ማሳዬን አይታችኋል፣ ጎተራዬንም አይታችኋል። መጠበቅ ያቃተው ሰው ይምጣና ይጠይቀን። በመጪው ዓመት የወንዝ ማዶውንም ጭምር እኔና እሷ እናሳያችኋለን።"

አንዱ "ቢበላብንስ?" ሲለው፣ "ስትተኙ ነው የሚበላው" ብሎ ቁጭ አለ። የኔ ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ከተወለድኩ ጀምሮ በስብሰባ ላይ ዝም ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቆይ ግን… እኔና እሷ? የወንዝ ማዶውንም ጭምር? ያንን ሁሉ ማሳ? ማን አማከረኝ? የኔን ጉልበት፣ የኔን ጉሮሮ፣ ሳይጠይቀኝ ለአገር ያድላል እንዴ ይህ ሰውዬ! ነገ በማለዳ ቤቱ ድረስ ሄጄ ልኩን እነግረዋለሁ። ከዚያ ስለ ዘሩ እንነጋገራለን። ቀዩን ማሽላ ወፍ ብዙም አይደፍረውም አሉ።