የአያት ጤፍ የጎደለው ምስክር ወረቀት

ጌቾዬ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ መልስ እንደማልጠብቅ ታውቃለህ። ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ነሐሴ ላይ ቀበርንህ፣ አሁን መጋቢት ነው። የበልጉ ደመና በቦሌ በኩል መሰብሰብ ጀምሯል፤ ልብስ ላስጣ ወይስ ይቅርብኝ ብዬ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም። ሬዲዮው የአየሩን ሁኔታ ይናገራል፣ አላምነውም። አንተስ መቼ ታምነው ነበር? ራስህ የጻፍከውን ትንበያ ሲያነቡት እንኳ ቃል ቀየሩብኝ እያልክ ትነጫነጭ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው። አያመኝም፣ አይርበኝም፣ እንባም አይመጣልኝም። ለቅሶ የደረሱት ሴቶች አይ ጥንካሬ አሉኝ። የምን ጥንካሬ፣ ደንዝዤ ነው እንጂ። እጅ ላይ ተኝተው ሲነሱ የሚሆነውን ታውቀው የለ፣ መላ አካላቴ እንደዚያ ሆኗል። ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፣ የሰጡኝን እተይባለሁ፣ ወደ ወሎ ሰፈር በእግሬ እመለሳለሁ። በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል እሰለፋለሁ፤ ሳይደርሰኝ ሲያልቅም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እኔ! ለወረፋ ስጣላ ስንቴ ገላግለኸኛል።

ሂሩት አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ በቁመት በልጣኛለች። ግቢ ውስጥ ባቆምካት የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ጤና አዳም ተክላባታለች፣ አልተናገርኳትም። የዝናብ ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ እጅጌው ቢያጥረውም ይለብሰዋል። ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ዛሬም ያፈሳል። አደርገዋለሁ፣ አደርገዋለሁ እያልክ ስንት ክረምት አሳለፍክብኝ፤ የአገሩን ዝናብ ስትጠብቅ የቤትህን ረሳኸው።

የቀብርህን ቀን ባወራህ በሳቅ ትሞት ነበር። ይኸው፣ እንዲህ ያለው አነጋገር እንኳ አሁን አፌ ላይ ይቀራል። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ከመትከላቸው በፊት ሁልጊዜ አንተን ይጠይቁ ነበር። ልጁን የሚድረውም፣ በርበሬ የምታሰጣዋም፣ ቤቱን ጭቃ የሚያስመርገውም በራችን ላይ ይቆማል። አንተም ይዘንባል አይዘንብም ብለህ አትመልስም፤ ቢዘንብ ምን ይበላሽብሃል ብለህ ትጀምርና እንደ ጉዳዩ ትመክር ነበር። በአንተ ቀን ግን ማንም አልጠየቀም፤ የሚጠየቀው ሰው ሳጥን ውስጥ ነበር። ድንኳኑን ጎርፍ በሚወርድበት በኩል ተከሉት። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ እንግዳ ሲያስቀምጡ አየኋቸው። እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር፤ አልበረደኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጻፍኩልህ ስለዚያ ፈተናህ ነው።

በራስህ ፊርማ የምትመክር የሚቲዎሮሎጂ አማካሪ ለመባል ስንት ዓመት ደከምክ። ጽሑፉን ፈተና አለፍክ፣ የሠራሃቸውን ሥራዎች አስረከብክ፤ ኮሚቴው ፊት ቀርበህ በቃል መጠየቅ ብቻ ቀረህ። እኔና ሂሩት ኮሚቴ ሆነን ሳሎን እንቀመጥ ነበር፤ አንተ በፒጃማህ ላይ ከረባት አስረህ የገዛ ቤትህን በር ታንኳኳለህ። ሂሩት ኮስተር ብላ ይግቡ ስትልህ ከምርህ ያልብህ ነበር። ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልብህ ቆመ።

ከምታቀርባቸው ሥራዎች አንዱ የተሳሳትክበት መሆን እንዳለበት ደንቡ ያዛል። ሌሎቹ ለማንም የማይቆረቁር ትንሽ ስህተት ይፈልጋሉ። አንተ ከከተማው ዳር ያለውን የአያት መንደርን ጤፍ አቀረብክ። ኅዳር ላይ የአያት ገበሬዎች ያጨድነውን ዛሬውኑ እንከምረው ወይስ ጥቂት ቀን ይድረቅ ብለው ጠየቁህ፤ ይድረቅ አልካቸው። በማግስቱ ያ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ፣ ጤፉ እርሻው ላይ እንደተኛ ጠቆረ። ራስህ ሄደህ አይተህ መጣህ፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ቀረህ። ቀጥሎ ካድሬው ጠርቶ ማን ልኮህ ነው አለህ። በዚህ ዘመን ዝናብም አሻጥር ይባላል። ስንት ሰው ገብቶልህ እንደምንም አለፈ።

ያለፈውን ነገር አንተው መልሰህ ቆፈርከው። የቦሌን ሰማይ አይቼ ለአያት ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ጻፍክ። የተየብኩት እኔ ነኝ። አውጣው አልኩህ፣ ልጅ አለን ብዬ ለመንኩህ፤ አልሰማኸኝም። ያለዚህ ገጽ ፈቃድ ከተቀበልኩ እነዚያን ገበሬዎች ሁለተኛ እንዳታለልኳቸው ነው አልክ። ስንት ቀን ተኳረፍን። ግትር ነበርክ፤ ዛሬም ያንኑ እልሃለሁ።

ባለፈው ወር አበልጅህ ሽመልስ ቤታችን መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ሆኗል። ለመታሰቢያ ይሆን ዘንድ ምስክር ወረቀቱን ሊሰጡህ መወሰናቸውን ነገረን። ሂሩት እሱ ገና ሳይወጣ ሚስማር ፈልጋ ግድግዳው ላይ መታች። ከሞትክ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስሸኘው በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺን የአያት ጤፍ ገጽ ከፋይሉ አውጥተናታል አለኝ፤ እሷ ካለች በላይ ያሉት አይፈርሙም፣ ለስሙም ይሻላል፣ ማን ያውቃል አለኝ። ሽመልስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት። ላስብበት አልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቀበል ነበር። ለልጄ ስል።

በሳምንቱ ዓርብ ዕለት ወደ መሥሪያ ቤትህ ሄድን። አዳራሹ ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ ሻይና ብስኩት ቀርቦ፣ ሂሩት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ። ምስክር ወረቀቱ መስታወት ገብቶለት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ስምህ በቁም ጽሕፈት ተጽፎ ሲያምር። ሽመልስ ተነስቶ ስለ አንተ ተናገረ። በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን ያልተሳሳተ ባለሙያ ነበር አለ። ሰው አጨበጨበ።

ጌቾ፣ ማንን እንደቀበርኩ ጠፋኝ። ያን ሰውዬ አላውቀውም።

ስሜን ሲጠሩ ተነሳሁ። ድንዛዜዬ ጠቀመኝ መሰለኝ። ባሌ ተሳስቷል አልኳቸው። የአያትን ጤፍ አበላሽቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ፈርሟል፣ እኔ ተይቤዋለሁ፤ ያንን ገጽ ከመለሳችሁለት በደስታ እቀበላለሁ፣ ካልሆነም ይቅርብን አልኩ። ደረቱ ላይ የፓርቲ አርማ የለጠፈ ሰው ሽመልስን ዞር ብሎ አየው። ሽመልስ መስታወቱን እንደዘረጋ ቀረ፤ ላቡ ሲወርድ አየሁና አሳዘነኝ። የሂሩትን እጅ ይዤ ወጣሁ።

እስከ መገናኛ ድረስ እጇን ነጥቃኝ ከፊት ከፊት ሄደች። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ አባዬን ሁለተኛ ቀበርሽው አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ዘግታኛለች። ሚስማሩ ባዶውን አለ። መሥሪያ ቤትህም ከዚያ ወዲህ አልጠራኝም፣ ይጠራኛል ብዬም አልጠብቅም። የልጅቷ ቃል ግን ገባኝ፣ እዚህ ደረቴ ሥር። ከነሐሴ ወዲህ ያመመኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ሲያመኝ ውዬ አደርኩ።

አንድ ቀን ይገባት ይሆናል፤ ባይገባትም እናቷ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ፈቃድ ነበረው አልልም። ጥሩ ይመክር ነበር፣ አንድ ጊዜ አያት ላይ ክፉኛ ተሳሳተ፣ ተሳሳትኩ ብሎ በስሙ ፈረመ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እንዲሁ አስታውስሃለሁ፣ የኔ ግትር፤ ሳልጨምርልህ፣ ሳልቀንስብህ።

ሚስትህ ጽጌ