የለቀቅሽልኝ ጨዋታ

ልጄ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ እኔን ግን በድለሽኛል። ለውድድሩ ልትሄጂ ስትይ በቼዝ ያሸነፍኩሽ አውቀሽ ስለለቀቅሽልኝ ነው።

ትናንት ጨዋታሽን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሆነን በስልክ አየነው። ያው የእኛው አሰላለፍ መጣ። ንግሥትሽን ሳታመነቺ ሰጥተሽ፣ የዚያችን የሰው አገር ልጅ ንጉሥ በፈረስ መውጫ አሳጣሽው። ከእኔ ጋር ግን እጅሽ ንግሥቲቱ ጋ ደርሶ ተመልሶ ነበር። እኔም ድፍረት ይጎድልሻል ብዬ መከርኩሽ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ሰማሽኝ።

«አባባ፣ እሷን ረታኋት እያሉ ጆሯችንን ያደነቆሩን እርስዎ አይደሉ?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ሳቀብኝ። «ዝም ብለህ ላጭ!» አልኩት።

እናትሽ የጉልበቷን ሕመም ረስታ ድልሽን ለጎረቤቱ ስታወራ ዋለች። እኔም ኮርቻለሁ፤ እጅሽ ይባረክ። ስትመለሺ ግን፣ እባክሽ፣ ለሽበቴ አትዘኚለት፤ እንደ ባላጋራ ግጠሚኝ። ይህን ነገር ከእንግዲህ አላነሳውም፤ አንቺም አታንሺብኝ።

አባትሽ