እንክብል የተካው ሙዝ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዐይንዎ አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያሾልካል? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

ሐሳቡን ያመጣብኝ ወንድሜ ነው። የደም ግፊት እንክብልዎን ከተዉ ሦስት ሳምንት እንዳለፈዎት፣ በምትኩ ጠዋት ማታ ሙዝ እንደሚበሉ ትናንት ደውሎ ነገረኝ። ቢለምንዎት፣ ዶክተሯ ልጄ ጽፋልኛለች ብለው ድርቅ አሉ አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በደም ሥሮቻችን ግድግዳ ፖታሲየም የሚወጣባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ፤ ሲከፈቱ ጡንቻው ዘና ብሎ መንገዱ ይሰፋል፤ ግፊት ባለበት ሰው ግን በሮቹ ይሰንፋሉ፣ ልብም ትደክማለች ብዬ የጻፍኩልዎ እውነት ነው። ሙዝ ፖታሲየም አለው ብዬ ማከሌ ግን ምን ይሉታል! አባዬ፣ የጠበበ ኮት አጠገቡ ጣቃ ጨርቅ ስለተቆለለ አይሰፋም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ሙዝ የእንክብሉን ሥራ አይሠራም። ኩላሊትዎ ደግሞ ደክሟል ተብለዋል፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲከማች የልብን ምት ያዛባል።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርዎ። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ላቦራቶሪው ውስጥ ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ተመራማሪዋ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የአይጥ ደም ሥር በቀጭን ሽቦ ስትወጥር እኔ አጠገቧ ዕቃ እደረድራለሁ፤ ደግ ናትና ስጠይቃት ታስረዳኛለች። በነጭ ጋወን የተነሳሁትን ፎቶ አይተው ለደንበኛው ሁሉ ዶክተር ሲሉኝ ደስታዎን መቀማት አቃተኝ። ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ጉዱን ለተመራማሪዋ ስነግራት ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች። ዛሬውኑ ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ፤ ግፊታቸውም ደማቸውም ይታይ፤ በራሳቸው ግምት ምንም አይጀምሩ፣ ምንም አይተዉ አለችኝ። በስልክ ብነግርዎ እሺ ብለው እንደሚያልፉኝ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ፎቶውን ለወንድሜ ልኬዋለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የተረፈውን ሙዝ እሷ ትብላው። ወንድሜን ስለነገረኝ አይቆጡት። በረንዳዋ ላይ ልብስ የሚሰፉባት ባለሱቋ ጎረቤታችንም እርስዎን አይታ እንክብሏን ትታለች አሉ። ስለዚህ ወንድሜ ይህን ደብዳቤ ሱቋ በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኞችዎ ባሉበት፣ ጮክ ብሎ ያንብበው። አጣቢ ነኝ ያልኩበትን እንዳይዘለው።

ልጅዎ
ከላቦራቶሪው ማጠቢያ ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን