እመነዝራለሁ እንጂ አላመነዝርም

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ የግራው ብቻ ነው ወይስ ቀኙም ተደረበበት? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ደጃፉ ላይ ያለው የተሰበረ ደረጃ ተጠገነ ወይስ አሁንም እየዘለልሽው ትወጫለሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ ነገር በቀር ደኅና ነኝ። ያቺን አንድ ነገር ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት፤ ታውቂኝ የለ፣ አጭር ነገር አይሆንልኝም።

መጀመሪያ ግን ልለምንሽ። የላክሁልሽን መነጽር ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበት ግድግዳ እየዳበስሽ ትሄጃለሽ ብሎ ወንድሜ ነግሮኛል። ለዚህች ደብዳቤ ስትዪ ብቻ አውጪው። አንብበሽ ካላመንሽኝ መልሰሽ ቆልፊበት፣ ከፈለግሽም ቁልፉን ጣይው። ሌላ ሰው እንዲያነብልሽ ግን አልፈልግም፤ ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ያገዘፍኩት ለዚህ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ስደውልልሽ ስልክሽ ይጠራ ይጠራና ይቆማል። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው አልኩ። ቀጥሎ ታመሽ ተደብቆብኝ ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ወንድሜን ሳፋጥጠው፣ "እኔ እንጃ፣ በገዛ አፍሽ ነው የነገርሻት" አለኝ። "ምን ብዬ?" ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ውጭ አገር አመነዝራለሁ ብለሻታል" አይለኝም!

ምን ልበልሽ፣ ወንበር ይዤ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን ሳቁም አብሮ ተዘጋ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ልጄ እንዲህ ሆነች እያልሽ ስታድሪ ነበር። ያቺ ወሬ የማያልፋት ጎረቤታችን "ራዲዮ" እንኳ ስለ እኔ ስትጠይቅሽ "ታማለች" ብለሽ ታሳልፊያለሽ አሉ። ዋሽተሽ የማታውቂው ሴትዮ ለእኔ ስትዪ ዋሸሽ። ይኼ ነው አንጀቴን የበላው።

እስቲ ያን ቀን አስታውሺው። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። እኔ ደስታዬ አላስችል ብሎኝ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ወለል መወልወል ቀረ! ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እመነዝራለሁ!" አልኩሽ። አንቺ "ምን? ምን አልሽ?" አልሽኝ። እኔ ሞኟ ያልሰማሽኝ መስሎኝ ጭራሽ ጮክ ብዬ፣ "ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ በሩ ሳይከፈት ይሰለፋሉ! አለቃዬም እንዳንቺ ያለ ፈጣን አላየሁም ብሎኛል!" አልኩ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን በልጄ ጆሮ ላይ እዘጋው ነበር።

እማዬ፣ እኔ ያልኩት በ"እ" ነው። አንቺ የሰማሽው በ"አ" የሚጀምረውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ እሷኑ ነው ስልኩ የበላብኝ።

ገበያ ሄደሽ ትልቁን ገንዘብ ለባለሱቁ "መንዝርልኝ" ትዪው የለም? የእኔም ሥራ እሱው ነው፤ ልዩነቱ የአንዱን አገር ገንዘብ በሌላው አገር ገንዘብ መለወጤ ነው። የውጭ ምንዛሪ ይሉታል። ያ የሌላው አገር ገንዘብ ራሱም በዚሁ ስም ይጠራል። በዜና "የውጭ ምንዛሪ እጥረት" ሲሉ አንቺ "ምንድነው ሁልጊዜ የሚያጥራቸው?" ትዪ አልነበር? ይኸውልሽ፣ አሁን ዓይንሽ ላይ ያለውን መነጽር አስቢው። መስታወቱን የሠራው ባዕድ ሰው የእኛን ገንዘብ ብትሰጪው አገላብጦ አይቶ ይመልስልሻል፤ በእሱ አገር ምን ይገዛበታል? ስለዚህ መነጽር የሚያስመጣ ነጋዴ አስቀድሞ ያ ሰው የሚቀበለውን ገንዘብ መፈለግ አለበት። የጉልበትሽ ኪኒንም እንደዚያው፣ የወንድሜ መኪና ነዳጅም እንደዚያው። ያን ገንዘብ አገር የሚያገኘው ያመረተውን ውጭ ሸጦ፣ እንግዳ ተቀብሎ፣ አለዚያም እንደ እኔ ያለውን ልጁን ልኮ ነው። ዋጋው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ፈላጊው ሲበዛ ይወጣል፣ ሲትረፈረፍ ይወርዳል። ጠዋት ሰሌዳው ላይ የለጠፍነውን ከሰዓት የምንቀይርበት ቀን አለ።

እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩ ብትሰሚ! ሱቋ በጫማ ጠጋኝና በመድኃኒት ቤት መሃል የተሰካች ጠባብ ናት። አራት ዓመት ወለሏን ወልውያለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ የደንበኛ ሒሳብ ሲሳሳት መወልወያዬን ተደግፌ በቃሌ አረምኩት። ዞሮ አየኝ፤ "አንቺ የት ነው የተማርሽው?" አለኝ። "እናቴ ሒሳብሽን ሳትሠሪ እራት የለም የምትል ሴት ናት" አልኩት። "በይ መወልወያውን አስቀምጪው" አለኝ። አየሽ፣ ወንበሩ ላይ ያስቀመጥሽኝ አንቺ ነሽ።

ደስታዬ ይኸው ነበር፤ የምነግረው ሰው ግን ከአንቺ ሌላ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እውላለሁ፣ መሃላችን ግን ወፍራም መስታወት አለ። ከሥሩ ባለችው ቀዳዳ ገንዘብ ይገባል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ሰዉ ጣቶቼን እንጂ ፊቴን አያይም። "ስንት ነው? ይቁጠሩት። ቀጣይ።" ወሬ የማልጠግበው እኔ ቀኔ በዚህች ያልቃል። አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ አሉ፤ በየቀኑ መጥተው "ምንዛሪው ዛሬ ስንት ገባ?" ይሉኛል። "እንደ ትናንቱ ነው አባባ" ስላቸው፣ "እንግዲያው ነገ እመጣለሁ" ብለው ይወጣሉ። አንድም ቀን መንዝረው አያውቁም። ባልደረቦቼ ይሰለቹባቸዋል፤ እኔ ግን ሲዘገዩ ዓይኔ በሩ ላይ ይቀራል። ማታ ክፍሌ ስገባ ማንቆርቆሪያዬን "እንዴት ዋልሽ?" እላታለሁ፤ ፈልታ ስትንሿሿ የመለሰችልኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ መንገደኛ ኪሱን ሲያራግፍ ከየአገሩ ገንዘብ መሃል የእኛን አገር ገንዘብ አንዲት ኖት አወጣ። ልቤ ዘለለ። መቁጠሪያ ማሽኑ ውስጥ ባስገባት መልሶ ተፋት። አለቃዬ አየት አድርጎ፣ "እቺ ከአገሯ ከወጣች ወረቀት ናት፣ መልሺለት" አለኝ። አገሯ ላይ ስንቱን የምትገዛ፣ እዚህ የሚያውቃት የለም። እኔን መሰለችኝና ከምሳዬ ቀንሼ ገዛኋት። ጥጓ ተበልቷል፣ አንዱ ጎኗ ላይ የሆነ ሰው በእስክሪብቶ ስልክ ቁጥር ጽፎባታል። ሳምንቱን ትራሴ ሥር አደረች።

ለወንድሜ ሰላም በይልኝ፤ ሁለት ወር አፉን መያዙን ግን አልረሳለትም። ለሚስቱም እንዲሁ፤ የመንትያ ልጆቻቸውን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ቁመታቸውን በሩ መቃን ላይ ምልክት አድርጊበትና ስመጣ ልየው። ለአክስቴ ጆሮዋ አጠገብ ጮክ ብለሽ ሰላምታዬን ንገሪያት። "ራዲዮ"ን ደግሞ ድናለች በያት። ሥራዬን ከጠየቀችሽ "ገንዘብ ትቀይራለች" በያት፤ "ትመነዝራለች" እንዳትያት አደራ!

ያቺን ኖት በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ። እዚህ ማንም አልመነዘረልኝም፤ አንቺ ግን ባለሱቁ ጋ ወስደሽ መንዝሪያትና የስልክ ካርድ ግዢባት። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እውላለሁ። ደውዪልኝ፣ እማዬ። ስድብም ቢሆን ስደቢኝ፤ ብቻ ድምፅሽን ልስማው።

ልጅሽ
ከሁለተኛዋ መስኮት ጀርባ
የካቲት 19 ቀን