መብራት እስኪመጣ ያልጠበቀው ሽቦ

ውድ ገመቹ፣

አካም ጅርታ? እግርህስ እንዴት ነው? ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የማታ ትምህርት በገባሁ በአምስተኛው ወር ፊደል ጨርሻለሁ። መምህሬ ሌንሳ «ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው ይመስላል» ብትለኝ፣ «የተማረች ዶሮ ናት» አልኳት። ያልደወልኩልህ ስልክ ላይ ቀልድ ስለሚቀድመኝ ነው። ወረቀት ላይ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ እዚህ አልሸሽም። ደክሞኛል፣ ገመቹ።

ያን ቅዳሜ ሞተርህን ይዘህ እኛ ጋራዥ ስትመጣ ከቁልፉ የሚወርደው ሽቦ ተበጥሶ ነበር። የሥራ ጓደኛዬ ማስረሻ ጫፎቹን ላጠ፤ መሸፈኛ ቱቦውን አስቀድሞ በአንዱ ሽቦ አሾለከ፤ መበየጃ ካውያውን ሰካ። መብራት ጠፋ። አንተን ዓለም ጤና ከተማ መኪና ላይ የተጫነ ሽንኩርት ይጠብቅሃል፤ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ሰዓት ታያለህ።

«መብራቱ ይምጣ። ሳይበየድ አይወጣም» አለኝ ማስረሻ።

«ካውያህን ታቅፈህ ተኛ። የእኔ ጥምዝ ከማንም ብየዳ ይበልጣል።»

እሱ ዕቃ ሊገዛ ሲላክ ሽቦውን ጠምዝዤ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት። መጣህ። «ማስረሻ በይዶታል?» አልከኝ። በእሱ እጅ እንደምትተማመን አውቃለሁ። «በይዶታል» አልኩህ።

የቆቃን ሙቀት ታውቀዋለህ። የናስትሮው ማጣበቂያ ቀለጠ፤ ጥምዙ ተፈታ። አይሱዙ ስትቀድም ሞተርህ መሀል አስፋልት ላይ ጠፋብህ፤ እግርህ ተሰበረ።

የጋራዡ ባለቤት ጠሃ ሞተሩን አስመጥቶ ሽቦውን አየና «ይህን ማን ጠቀለለ?» አለ። አፌ ቀደመኝ። «ማስረሻ መብራት ሲጠፋ ዓይኑም ይጠፋል» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ማስረሻ አልሳቀም፤ «ጉተማ?» ብሎ ስሜን ብቻ ጠራ። ጠሃ ደውሎ ሲጠይቅህ አንተም ከሆስፒታል «ማስረሻ በይዶታል ተብያለሁ» ብለህ መለስክ። በዚያው ማስረሻ ተባረረ። አሁን ሞጆ መናኸሪያ ጭነት ያወርዳል። ያ ካውያ እንደ ብዕር የሚታዘዝለት ሰው ጆንያ ይሸከማል።

እስከዚያ ድረስ መልእክት የሚጽፍልኝ እሱ ነበር። ይህን ማንን ላስጽፍ? ዝም አልኩ። ዝምታ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ትናንት ይህን እስከዚህ ድረስ ለጠሃ አነበብኩለት። እየተንተባተብኩ ስለነበር ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ «መፍቻዎቹን አስቀምጥና ውጣ» አለኝ። አስቀመጥኩ። ከዚያ ሞጆ ሄጄ ማስረሻን «ጠሃ እውነቱን አውቋል፤ ቦታህ ክፍት ነው፣ ተመለስ» አልኩት። ጆንያውን አውርዶ ላቡን ጠረገ።

«ጠሃ አይደለም የቸገረኝ» አለ። «እግሬን የሰበረው ማስረሻ ነው ብሎ የሚያስበው ገመቹ ነው። እሱ ሳይደውልልኝ ሽቦ አልነካም።»

የማስረሻ ስልክ ቁጥር አልተቀየረም። እኔን ስደበኝ፣ ክሰሰኝ፣ መልስም አትጻፍልኝ። ለእሱ ግን ዛሬውኑ ደውልለት።

ሽቦህን የጠመዘዝኩት፣
ጉተማ