እርስዎ ያልሰሙት የሄሊኮፕተር ግምገማ

ለከተማው ፖሊስ የአየር ክፍል ክቡር አዛዥ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከእኛ ጣሪያ በላይ ውሎ የሚገባው ሄሊኮፕተርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ለክብርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሮዎ። እኛ ደህና ነን። ደህና መሆናችንን ከላይ በየዕለቱ ስለሚያዩት በዚህ ጉዳይ ጊዜዎን አላባክንም።

እኔ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ፀጉርና ጢም የማስተካክል ሰው ነኝ። ክፍሏን ከእኅቴ ጋር ተካፍለን እንሠራባታለን፤ በመስተዋቱ በኩል የእኔ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል የእሷ የልብስ ስፌት መኪና አለ። እኅቴ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት። ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሜዳ በጠሩት የግምገማ ስብሰባ ላይ የተወሰነው ነገር በትክክል እንዳልደረሰዎ ስለተረዳን ጎረቤቶቼ «አንተ እንደሁ አፍህም እጅህም አያርፍ፤ ጻፍላቸው» ብለው አዘውኛል። በዚሁ መሠረት ከምስጋናው እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሙያዬ። ሄሊኮፕተርዎ ሰፈራችንን ሳይለምድ በፊት ደንበኛዬን የምላጨው ወሬ እያወራሁ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነበር። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ሳይታሰብ ወደ ጣሪያው ቀና ማለት ከጀመረ ወዲህ ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ትንፋሼን ውጬ ነው የምሠራው። ብዙ ደንበኞቼም ጢም ማሳደግ እንደሚያምርባቸው በዚሁ አጋጣሚ ተገንዝበዋል። ለሙያዬ እድገትና ለገበያዬ ማረፍ ስላደረጉት አስተዋፅኦ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ብስክሌቱ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከዳቦ ቤቱ በር ብስክሌት ጠፋ ተባለ። ለካስ የባለ ዳቦ ቤቷ ወንድም ጎማውን ሊያስጠግን ወስዶት ኖሯል። ጎማ ጠጋኙ ያለው እዚያው መንገድ ላይ፣ ከእኔ ሱቅ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ማንም ሰው በእግሩ ሄዶ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ ብስክሌቱን ተገልብጦ፣ ጎማው በአየር ላይ ሲሽከረከር ያገኘው ነበር። ክቡርነትዎ ግን የሰፈራችንን ብስክሌት በትንሹ አላዩትም፤ ሄሊኮፕተር ላኩልን።

ሄሊኮፕተሩ መጥቶ መንገዳችን ላይ ዝቅ ብሎ ረጋና በድምፅ ማጉያ መናገር ጀመረ። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ከንግግሩ ሁሉ ለእኛ የደረሰን «ቁም» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ሕግ አክባሪ ሰዎች ነንና ታዘዝን። የሚሄደው ባለበት ቆመ፤ የተቀመጠው ደግሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛዬ እንኳ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ከወንበሬ ተነሥቶ መስተዋቱ ፊት ቀጥ አለ። በሰፈሩ የሚሆነውን ሁሉ ገና ሳይሆን ስለሚያወሩ እማማ ራዲዮ የምንላቸው ጎረቤታችንም ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያጉረመረሙ፣ ከደጃፋቸው በርጩማ ተነሥተው ቆሙ። በመንገዱ ላይ ያልቆመች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

እኅቴ ለመጋረጃ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በትከሻዋ ተሸክማ ወደ ሱቃችን እየመጣች ነበር። ንፋሱ ከኋላዋ ሲገፋትና አቧራው ሲነሣ፣ ዝናብ ደረሰብኝ ብላ ጨርቁ እንዳይበሰብስባት ሮጠች። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ምን ሊመስል እንደሚችል ይገባኛል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ግን ጨርቅ የተሸከመች ሴት ናት። አንዲት ወጣት ፖሊስ ከኋላ ደርሳ ጎተተቻት፤ ተያይዘው ወደቁ፤ የእኅቴ የቀኝ እጅ አንጓ ተጠመዘዘ። እኔ ግርግሩን አይቼ ስወጣ ካቴናው ገብቶላት ወደ መኪና እየጫኗት ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ ተረኛው መኮንን «ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም» አለኝ።

«እጇን ፍቱላትና ትመልሳለች» አልኩት።

«ከእጇ ጋር ምን አገናኘው?»

«የምትናገረው በእጇ ነው። እናንተ ያሰራችሁት አፏን ነው።»

ክቡር አዛዥ፣ እዚህች ቦታ ላይ ጨዋታውን መቀጠል አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን እመለሳለሁ። የምትሰፋበት እጇ ነው፣ የምትናገርበት እጇ ነው፣ ስትስቅ እንኳ እጇ ነው የሚስቀው። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እጇ ወደ ኋላ ታስሮ፣ የሰው ሁሉ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየች፣ ምን እንዳደረገች ሳይነገራት ተቀምጣ ነበር። ካቴናው ሲፈታላት አንጓዋ አብጦ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በግራ እጇ ለመኮንኑ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። «ምን አለች?» ሲለኝ «ታመሰግናለች» ብዬ ተረጎምኩለት። ሙሉው ትርጉም ለዚህ ደብዳቤ ጨዋነት አይመጥንምና ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትምህርት። በማግስቱ እማማ ራዲዮ ጎረቤቱን ሰብስበው ሱቃችን መጡ። «እኛ ሁላችን ቆመን እያየን፣ ዝናብ አይደለም ፖሊስ ነው ብሎ የሚነግራት አንድ ሰው ጠፋ። ይኼ ያሳፍራል። አስተምሪን በያት» አሉኝ። ለእኅቴ ስነግራት መጀመሪያ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። ከዚያ እማማ ራዲዮን እወንበሬ ላይ አስቀምጣ ትምህርቱን ጀመረች።

ሰፈሩ በአጭር ጊዜ ተማረ። ሰው የጎበዘ እንዳይመስልዎ፤ የእርስዎ ሄሊኮፕተር እንዳንረሳ በየቀኑ ስለሚያስጠናን ነው። ሞተሩ ሲመጣ አፍ ይዘጋል፣ እጅ ይከፈታል። ሴቶቹ በመስኮትና በመስኮት መካከል ያማሉ፤ አትክልት ሻጯ በመንገዱ ማዶ ካለው ሰው ጋር ትከራከራለች፤ ባልና ሚስት ልጆቹን ሳይቀሰቅሱ ይጣላሉ። ችግሩ አንድ ነው። አስተማሪያችን ቀኝ እጇ በፋሻ ታስሮ ስለነበር ያስተማረችን በአንድ እጅ ነው፤ በመሆኑም ሰፈሩ በሙሉ ኮልታፋ ሆኖ ቀርቷል። ከሌላ ሰፈር የመጡ መስማት የተሳናቸው እንግዶች ስናወራ አይተው ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ለእርስዎም የምልክት ስም አውጥተንልዎታል፤ ጣትን ከራስ በላይ ማሽከርከርና ያችኑ እጅ አውርዶ ጆሮን መክደን ነው። ክብር እንጂ ንቀት የለበትም።

እንግዲህ ወደ ስብሰባው። «ግልጽነትና ተጠያቂነት ለጋራ ሰላም» የሚል ትልቅ ጨርቅ ከኋላዎ ተሰቅሎ፣ የሄሊኮፕተሩን የሥራ ግምገማ በንባብ አቀረቡልን። በረራዎቹ በሙሉ በሰላም ተነሥተው በሰላም ስላረፉ አፈጻጸሙ እጅግ ከፍተኛ ነው አሉን። እውነት ነው፤ በዚሁ መመዘኛ የትምህርት ቤቱ ርግቦችም ሽልማት ይገባቸዋል። እማማ ራዲዮ ተነሥተው «የኔ ጌታ፣ ወርዶ የያዘውስ ሰው አለ? ብስክሌቱንስ ማን አገኘው?» ብለው ሲጠይቁ «በኅብረተሰቡ ውስጥ የደህንነት ስሜት ተፈጥሯል» ብለው መለሱላቸው። «ለማን?» አሉ እማማ ራዲዮ። ለዚህ መልስ ሊሰጡ አፍዎን በከፈቱበት ቅጽበት ሄሊኮፕተሩ መጣ።

ምክትልዎ ስብሰባውን ከአደጋ ለመጠበቅ የመጣ መሆኑን በጩኸት አስረዱን፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው፣ በጊዜው ያየነው ከንፈራቸውን ብቻ ነበር። ወዲያው የተሰቀለው ጨርቅ ተበጥሶ መጣና ምክትልዎን ከራሳቸው እስከ ወገባቸው ጠቀለላቸው። ተጠያቂነት የሚባለው ነገር ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ባለሥልጣን ሲይዝ በዓይናችን ስናይ የመጀመሪያችን ነውና ብዙዎቻችን በደስታ አነባን፤ አቧራውም ረድቶናል።

በእኛ በኩል ግን ስብሰባው አልተቋረጠም። እኅቴ ወንበር ላይ ወጣችና፣ ፋሻው በተፈታላት እጇም ጭምር፣ ነዋሪው የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ ጋበዘች። እንዲያ ያለ ውይይት አይቼ አላውቅም፤ ማንም የማንንም ንግግር አላቋረጠም፣ ሁሉም ሰምቷል።

የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ሄሊኮፕተሩ በተነሣ ማግስት ለምን እንደተነሣ፣ ማን እንዳዘዘውና ምን እንዳገኘ በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ የሚል ነበር። ሜዳው በሙሉ እጁን አነሣ፤ እርስዎም ቀኝ እጅዎን ከፍ አደረጉ። ኮፍያቸውን ሊይዙ ነው ያሉ ነበሩ፤ እኛ ግን የሰውን ልብ አንጠራጠርም።

ቀጥሎ፣ ግምገማውን የሚያካሂደው ራሱ የሚበርረው ክፍል መሆኑ ቀርቶ ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ይቀመጡበት ተባለ። በዚህ ጊዜ በጨርቁ ውስጥ የሚታገሉትን ምክትልዎን ለማስፈታት ሰው እየጠሩ እጅዎን በተደጋጋሚ አነሡ። ከእኛ ይልቅ በርትተው ደገፉት።

የመጨረሻው፣ እኅቴን የያዙና ያስያዙ ሁሉ ራሳቸው መጥተው፣ በራሷ ቋንቋ ይቅርታ ይጠይቋት የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት እማማ ራዲዮ ናቸው፤ እኅቴ ስለ ራሷ ጉዳይ ድምፅ ማሰጠት ስላፈረች በእሷ ፈንታ እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ፊትዎን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ አብራሪው እንዲሄድልዎ ሁለት እጅዎን እያወናጨፉ ነበር። አብራሪው ሰላምታ መስሎት ይበልጥ ዝቅ አለ፤ እርስዎም ይበልጥ አወናጨፉ። ሁለት እጅ ሁለት ድምፅ ይቆጠርላቸው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ሥርዓት ማክበር ስላለብን አንድ ብቻ ቆጥረናል። ባለ ዳቦ ቤቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ተቃዋሚ አልነበረም።

ሄሊኮፕተሩ ሲሄድ አቧራዎን አራግፈው «ሐሳባችሁን በጥሞና አዳምጠናል፤ ጥሩ ውይይት ነበር» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። እኛም በዚህ ሙሉ በሙሉ እንስማማለን።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳውቅዎ። በሦስተኛው ቀን ያች ወጣት ፖሊስ ያለ ደንብ ልብሷ ሱቃችን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ካመነታች በኋላ እኅቴ ፊት ሄዳ እጇን አነሣች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እማማ ራዲዮን እጠረጥራለሁ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ለማለት ፈልጋ «ዱባ ነኝ» አለቻት። እኅቴ ደንግጣ አየቻት። ልጅቷ ያልተረዳቻት መስሏት፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ በደንብ አጥብቃ ደገመችላት፤ «ዱባ ነኝ»። እኅቴ ሳቋ መጥቶ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች፤ እኔ ምላጬን አስቀምጬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሳቁ ሲበርድላት ተነሣችና የልጅቷን እጅ ያዘች፤ በዚያ ቀን በተጠመዘዘው እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለችላት። ልጅቷ እንደገና አለችው። አሁን ትክክል ነበር። እኅቴም መለሰችላት፤ መልሱን አልተረጎምኩም፤ ልጅቷም ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ፣ ክቡር አዛዥ፣ እርስዎ በሁለት እጅዎ ከደገፉት ውሳኔ የበታችዎ ድርሻዋን ፈጽማለች። የእርስዎ ድርሻ እየጠበቀዎ ነው። ሱቃችን ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ይቅርታ ማለት ቀላል ምልክት ነው፤ ቢሳሳቱ እንኳ እኅቴ ታስተካክልልዎታለች።

ከራስዎ በላይ ከሰማይ በቀር ሌላ ነገር እንዳይኖር ዘወትር የምመኝልዎ፣ ትእዛዝዎ በውል ባይሰማኝም ከመታዘዝ ቦዝኜ የማላውቅ፣

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ በሰጡት ድምፅ ተጸጽተው ይግባኝ ለማለት ቢያስቡ፣ በአየር ክፍሉ ላይ የሚነሣ ቅሬታ የሚቀርበው ለእርስዎው ቢሮ መሆኑን በትሕትና እናስታውስዎታለን። መልስ ቶሎ ባይመጣልዎ አይዘኑ፤ እኛም ካስገባን ቆየን።