ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ቁልፍ

ኅዳር 9 ቀን
ከድሮው ባቡር ጣቢያ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይነጫነጭብኛል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል። ዘንድሮ ስንዴው ጥሩ ይዟል፤ ሽንኩርቱን ግን ያለጊዜው የመጣ ዝናብ አበላሸውና ገበሬው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚውለው። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፍህ ዛሬም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አርባ ዓመት አልፎህም አልተሻሻልክ።

መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አትሳቅ። ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ፍየል ሲያድርበት የኖረው ጣቢያችን እንደነገርኩህ ሙዚየም ሆኗል፤ ገና ባይመረቅም ሰው መጎብኘት ጀምሯል። የታሪክ መምህርቷ ኮሚቴ አቋቁማ ግድግዳው ቢጫ ተቀባ፣ ለትኬት መሸጫው መስኮት መስታወት ገባለት። ሰዓቱ አሁንም አይሠራም፣ ግን ተወልውሏል። አንድ ፉርጎ ዝገቱ ተፍቆ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ አስጎብኚ ተብያለሁ። እናትህ የድሮውን ካኪ ከወገቡ አስፍታልኝ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ በሩ ላይ ስቆም መንገደኛው ሁሉ «ጌታው፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል?» ይለኛል። «ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል፣ ተቀመጥና ጠብቅ» እላለሁ። ከጡረታ በኋላ እንደገና ሰው መሆን ምን እንደሚመስል አንተ ገና አታውቀውም።

ጎብኚው ከሁሉ በላይ የሚያየው ቁልፉን ነው፤ ባቡሩን ከዋናው መስመር ወደ ጎን ሐዲድ የሚያስገባውን የሐዲድ ማዞሪያ ቁልፍ። ከነሚስማሩ መስታወት ውስጥ አስገብተውታል። እኔም ሕጋችንን አስረዳለሁ። ማዞሪያውን የከፈተ ሰው ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ መስመሩን መልሶ እስኪቆልፍ ድረስ ሽንት ቤት ቢሄድ እንኳ አያወልቀውም። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ካለ ማዞሪያው ተቆልፏል፣ ለባቡሩ መንገዱ ክፍት ነው። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ «ሄደህ በዓይንህ እይ» ይል ነበር፤ እኛ ጣቢያ ግን ማንም ሄዶ አያይም፣ ሚስማሩን ያያል። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስናገረው አሁንም ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዳይህ ልምጣ። ሙዚየሙ ውስጥ በሚሰቀለው ሠሌዳ ላይ «በማዞሪያ ሠራተኛው ቸልተኝነት የጭነት ባቡር ከቆመ ፉርጎ ጋር ተጋጭቶ የአንድ ጫኝ ሕይወት አልፏል» ተብሎ ከሥሩ ስምህ መጻፉን የነገርኩህ እኔው ነኝ። ሳልነግርህ ብቀር ይሻል ነበር። አንተም «ሠሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ቁልፉን ማን እንደሰቀለው ንገራቸው፤ ስሜ ከሠሌዳው ከተነሳ ለምርቃቱ እመጣለሁ፣ እናቴን ዓይኗ ሳይጠፋ ልያት» ብለህ ጻፍክልኝ። አንጀቴን በላኸው።

ያቺን ቀን ሁለታችንም አንረሳትም። አንተ ምሳ ሄደሃል። የስንዴ ነጋዴው ዝናብ መጣብኝ፣ ፉርጎውን ወደ መጋዘኑ አስጠጋልኝ ብሎ ጨቀጨቀኝ። ማዞሪያውን ራሴ ከፈትኩለት፤ እሱና ያ ትከሻ የምንለው ጫኝ ባዶውን ፉርጎ ገፍተው ወደ ጎን ሐዲድ አስገቡት። ይሄኔ ቢሮ ውስጥ ቴሌፎኑ ጮኸ። ሮጬ ገባሁ፤ እጄ በልማድ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። እጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደችውን አደረገች። አንተ ከምሳ ተመልሰህ ሚስማሩን አየህና አረንጓዴውን ባንዲራ አወለበለብክ፤ የጭነት ባቡሩም ወደ ጎን ሐዲዱ ታጥፎ ገባ። ትከሻ ፉርጎው ውስጥ ጆንያ እየደረደረ ነበር።

ፍርድ ቤት «ከቢሮዬ አልወጣሁም» አልኩ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ዝም አልክ፤ አስቀድሜ ለምኜህ ነበርና። እኔ ከታሰርኩ የጣቢያውን ቤት እንለቃለን፣ እናትህ ሜዳ ላይ ትወድቃለች፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ጡረታ ስወጣ ሁሉንም እናገራለሁ አልኩህ። አራት ዓመት ታሰርክ። ስትወጣ ከተማው ፊት ነሳህና አገር ጥለህ ሄድክ። ነጋዴውም ምስጢሩን ይዞ ሞተ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ እናገራለሁ እላለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣል። ዘንድሮ ሙዚየሙ መጣ።

ባለፈው ወር የትከሻ እናት ለጉብኝት መጣች። ጣቢያውን ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት፣ ሕጋችንን ከእኔ እኩል ታውቃለች። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመችና «ያን ቀን ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበር፤ ልጅዎ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ቁልፉ አንገቱ ላይ አይሆንም ነበር እንዴ?» አለችኝ። መስታወቱን በእጅጌዬ መወልወል ጀመርኩ። «ረስቶ ሰቅሎት ይሆናላ» አልኳት።

«አድራሻውን ይስጡኝ። ላስጽፍና ራሱን ልጠይቀው። ልቆጣው አይደለም፤ ሳልሞት ማወቅ ነው የምፈልገው።»

ምላሴ ቀደመኝ፣ ልጄ። «ሞቷል» አልኳት።

መልሼ ልውጠው ብል መምህርቷ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። እኔ ቤት ሳልደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ግቢያችን ገብቷል። እናትህ ትመጣለህ ስላልኳት የክፍልህን መጋረጃ አጥባ ስታሰጣ ነበር፤ እርጥቡን መጋረጃ እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ሰው ፊት «ዋሽቼ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? አንተ ብትሆን ትችል ነበር? በሕመም ነው አልኳቸው፣ ብዙም አልተሠቃየም አልኳቸው።

የትከሻ እናት ሦስት ቀን ከእናትህ ጎን ሳትለይ ተቀመጠች። እጇን ይዛ ውሃ ታጠጣት ነበር። ስትሄድ ወደ እኔ ዞራ «በቃ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አሁን እርስዎም እኔም ልጅ የለንም» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ግን የምሥራቹን ስማ። መምህርቷ «የሞተን ሰው ስም እንዲህ ጽፎ መስቀል ነውር ነው» ብላ ኮሚቴውን ሰበሰበችና ስምህ ከሠሌዳው ተነሳ። በአንድ ድምፅ ነው የወሰኑት፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አሁን «በማዞሪያ ሠራተኛ ቸልተኝነት» ብቻ ነው የሚለው። የጠየቅኸኝ ሆነልህ ማለት ነው። አባትህ ምንም አላደረገልኝም እንዳትል።

እንግዲህ ለምርቃቱ መምጣት እንደማትችል ይገባሃል። ቀድመህ ገዝተህ ከሆነ ትኬቱን መልስ። ወደ ቤትም አትጻፍ፤ እናትህ ዓይኗ ቢደክምም ፖስታው ላይ ያለውን የዶሮ ጭረትህን በጣቷ ዳብሳ ታውቀዋለች። ስልኬንም ቀይሬያለሁ፣ ሲጮህ ቀድማኝ እያነሳች አስቸግራ። መጻፍ ካለብህ በሙዚየሙ አድራሻ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ አስመስለህ ጻፍልኝ። ደስ ይለኛል።

ስለ እሷ አታስብ። የት እንደተቀበርክ ትጠይቀኛለች፤ ዛፍ ያለበት ጥሩ ቦታ ነው እላታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ እህል አልቀምስ ብላ ነበር፣ አሁን ደህና ናት። መንገድ መንገድ ማየቷንም ትታለች፤ በዚህ በኩል እንኳ አርፋለች። እኔ ነኝ የማላርፈው። ካኪውን ለብሼ ስወጣ በሩ ላይ ትቆምና የደረቴን ቁልፎች እያስተካከለች «እሱ እንኳ በዚህ ልብስ ሳያይህ ቀረ» ትለኛለች። ያኔ ነው የሚከብደኝ።

በል ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ዕድሜህን እንደ ሐዲድ ያርዝምልህ።

የሚወድህ አባትህ፣
የጣቢያው ኃላፊ